አምስት ስንት መልክ አለው?

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ቁጥር ነው። ቁጥር ስል እንዳትፈሩ። እናንተ ፊደል ሳትለዩም ከብት ትቆጥሩ፣ እህል ትሰፍሩ፣ ገበያ ወጥታችሁ በዋጋ ትከራከሩ ነበር። በ1971 ዓ.ም. ሐምሌ ወር የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ቢሆን ፊደል ብቻ አላስተማረም፤ ሒሳብም ነበረበት። የዛሬው ጽሑፌ ግን ይበልጥ የሚመለከተው ልጆቻችሁን ነው።

በዚህ ክረምት የተመደብሁት አዲስ አበባ፣ ልደታ ክፍለ ከተማ፣ ጌጃ ሰፈር ነው። ሰፈሩ ከመርካቶ ብዙ አይርቅም። ቤቶቹ ተጠጋግተው የተሠሩ ስለሆኑ የአንዱ ቤት ጭስ የሌላውን ዓይን ያስለቅሳል። የምናስተምረው በአንድ ግቢ ውስጥ፣ ከቆርቆሮ ጣራ ሥር ነው። ዝናብ ሲጥል ድምፄ አይሰማም፤ ያን ጊዜ በጣት ነው የምንነጋገር። ተማሪዎቼ ከስድስት እስከ ስምንት ዓመት የሆናቸው ልጆች ናቸው።

መጀመሪያ ቀን፣ «ሦስትና ሁለት ስንት ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። «አምስት!» አሉ፣ ጣራው እስኪነቃነቅ። ቀጥዬ ጥያቄውን ገለበጥሁት። «እሺ፣ ምንና ምን ሲደመሩ ነው አምስት የሚሆኑት?» ዝም። አንዱ ደፋር እጁን አወጣና «ቲቸር፣ እሱን አልተማርነውም» አለኝ።

ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ግን አይደለም። ሦስትና ሁለት አምስት ነው ብሎ በቃሉ የያዘ ልጅ አንድ መንገድ ብቻ ያውቃል። መንገዱ የጠፋበት ዕለት መድረሻ የለውም። አምስት ከአራትና ከአንድም፣ ከሦስትና ከሁለትም እንደሚሠራ ያወቀ ልጅ ግን በአንዱ ቢዘጋበት በሌላው ይገባል።

ከልጆቹ መካከል አያቷ ጋር የምትኖር አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ አለች። አያትየው ጉሊት ሽንኩርትና ቲማቲም ይሸጣሉ። በሁለተኛው ሳምንት ነጠላቸውን አጣፍተው መጡና በር ላይ ቆሙ።

«እማማ፣ ይግቡ፣ ይቀመጡ» አልኋቸው።

«አልቀመጥም ልጄ፣ ዕቃዬን ለጎረቤት ትቼ ነው። ይህቺ ልጅ ሒሳብ አይገባትም ይሉኛል። ክፍል ደገመች። እውነት የማይገባት ከሆነ ንገረኝና ከጉሊቱ ትቀመጥልኝ። የኔም ጉልበት ዝሏል።»

ልጅቷ ከኋላቸው ቆማ ትሰማለች። ሁልጊዜ ከአንድ ጀምራ በጣቷ ነው የምትቆጥረው፤ ልጆች እንዳይስቁባት ደግሞ እጇን ከቀሚሷ ሥር ትደብቃለች። እኔም ለእማማ «እስኪ ትንሽ ጊዜ ይስጡኝ» አልሁ። ሌላ ምን ልበል?

በዚያው ቀን በዕረፍት ሰዓት ልጆቹ ቅልልቦሽ ሲጫወቱ አየሁ። ቅልልቦሽን እናንተም ታውቁታላችሁ፤ አምስት ጠጠር ነው። አንዷን ወደ ላይ ትወረውራላችሁ፤ እሷ ሳትወድቅ መሬት ካሉት አራቱ ታፍሳላችሁ። መጀመሪያ አንድ አንድ እያሉ፣ ቀጥሎ ሁለት ሁለት፣ ከዚያ ሦስትና አንድ፣ በመጨረሻ አራቱንም በአንድ ጊዜ። በዚህ ጨዋታ ያቺን «አይገባትም» የተባለች ልጅ የሚረታት አልነበረም! ከግቢው ወንዶች ሳይቀር።

አጠገቧ ቁጢጥ ብዬ እርጥቡ መሬት ላይ በስንጥር ጻፍሁ፦

1+1+1+1=4
2+2=4
3+1=4

ትንሽ አየችውና «ይኼማ ቅልልቦሽ ነው» አለች። እጇን አልደበቀችም። ለመሆኑ ከዚህ ወዲያ መደመር ማለት ምንድን ነው?

ከማግስቱ ጀምሮ ቆርኪ ሰበሰብን። የለስላሳ ጠርሙስ ክዳን ማለቴ ነው፤ በከተማ ሞልቷል። እያንዳንዱ ልጅ አምስት ቆርኪ ይይዛል። በሁለት እጁ ይከፍልና አንዱን እጁን ብቻ ይከፍታል። ጓደኛው በተዘጋው እጅ ስንት እንዳለ መናገር አለበት። ሁለት ካየ ሦስት ይላል፤ አራት ካየ አንድ ይላል። አንድ ቀን አንዱ ተንኮለኛ ሁሉንም በአንድ እጁ ያዘና ባዶውን ከፈተ። «ባዶ ቁጥር አይደለም!» ተብሎ ጩኸት ሆነ። እኔ ግን 0+5=5 ብዬ ሰሌዳ ላይ ጻፍሁለት። እንግዲህ በግዕዝ አኃዝ ባዶን የሚያሳይ ምልክት የለም፤ አሥር ራሱ ፲ የሚባል የራሱ መልክ አለው። ዛሬ በምንጽፍበት አኃዝ ግን ያለ 0 አሥርን መጻፍ አይቻልም። ስለዚህ ባዶውን እጅ ማክበር ግድ ነው።

ሌላም ክርክር ተነሣ። 2+3 እና 3+2 አንድ ናቸው ወይስ ሁለት? «አንድ ናቸው» ያሉት በዙ። አንዱ ልጅ ግን «ሁለቱ ዳቦ ለኔ፣ ሦስቱ ለእሱ ቢሆን አንድ ነው እንዴ?» ብሎ ተቆጣ። እውነቱን ነው! ዳቦው ሲደመር አምስት ነው፤ የደረሰው ድርሻ ግን ይለያያል። ይህን ክርክር ሳልፈርድ ተውሁት፤ ብዙ ቀን ተከራከሩበት፤ እየተከራከሩም ቁጥሮቹን ለመዷቸው።

ከአምስት በኋላ የምንቆይበት አሥር ላይ ነው። 9 እና 1፣ 8 እና 2፣ 7 እና 3፣ 6 እና 4፣ 5 እና 5። ባዶውን፣ ማለትም 10 እና 0ን ስንጨምር ስድስት ጥንድ ይሆናሉ። እነዚህን እንደ ጎረቤቱ ስም የለየ ልጅ 8+6 ቢባል ጣት አያሻውም። ከስድስቱ ሁለቱን ለስምንት ያበድራል፤ አሥር ሞላ፤ አራት ተረፈ። አሥራ አራት! ደግሞ ቋንቋችን ያግዘናል። «አሥራ አራት» ስንል አሥርና አራት ማለታችን ነው፤ በግዕዝ አኃዝም ፲፬ ተብሎ አሥሩና አራቱ ጎን ለጎን ይጻፋሉ። እንግሊዞች አሥራ አንድን «ኢለቨን» ነው የሚሉት፤ በስሙ ውስጥ አሥር መኖሩን ልጃቸው በጆሮው አይሰማም።

ወደ እማማ ልመለስ። አንድ ቅዳሜ ጉሊታቸው ሄድሁ። አንዲት ሴት የ35 ብር ሽንኩርት ገዛችና 50 ብር ሰጠች። እማማ ፊደል አልቆጠሩም። ግን አምስት ብር እያስያዟት «አርባ»፣ አሥር ብር ጨምረው «ሃምሳ» አሉና ጨረሱ። ከሃምሳ ሠላሳ አምስትን አልቀነሱም፤ ሠላሳ አምስትን ሃምሳ እስኪሆን ሞሉት እንጂ።

«እማማ፣ ልጅቷን የማስተምራት ይህንኑ ነው» አልኋቸው።

«ይኼን? ይኼማ ሒሳብ አይደለም፣ መልስ መስጠት ነው» ብለው ሳቁ።

እናንተም ቤታችሁ ይህን መሞከር ትችላላችሁ። ቆርኪ ባይኖር ባቄላ አለ። ማታ እሳት ዳር ሰባት ባቄላ ለልጃችሁ ስጡት፤ ለሁለት ይክፈለው። ስንትና ስንት እንዳደረገ ይንገራችሁ፤ እናንተም በተማራችሁት አኃዝ ጻፉት። ከዚያ ቀላቅሎ በሌላ መንገድ ይክፈለው። ቢሳሳት አትቆጡት፤ ባቄላው ራሱ ያርመዋል። ሰባት ሲያልቅ ወደ ስምንት እለፉ። ደግሞ ሴት ልጅ ውኃ ልትቀዳ ሄዳለች ብላችሁ ወንዱን ብቻ አታስቀምጡ፤ እስክትመለስ ጠብቋት።

እማማ እስካሁን ቁርጡን አልነገሩኝም። «እስከ መስከረም ልየው» ነው ያሉት። ልጅቷ ጠዋት እኛ ዘንድ፣ ከሰዓት ጉሊት ናት። ባለፈው ሳምንት አንዲት ገዢ የ65 ብር ዕቃ ወስዳ መቶ ብር ዘረጋች። እማማ እጃቸው በቲማቲም ተይዞ ነበርና ልጅቷ ተነሣች። አንድ አምስት ብር አወጣች፣ «ሰባ» አለች። ከዚያ ሦስት አሥር ብር አንድ በአንድ አስቀመጠች፦ «ሰማንያ፣ ዘጠና፣ መቶ።» ገዢዋ አላመነችም፤ እንደገና ቆጠረችው።