ላንሰር ወይስ ኢምፕሬዛ?

ስለ ፈጣን መኪና በቤተሰብ መጽሔት ላይ መጻፍ ለአንዳንድ አንባቢያን ቅንጦት ሊመስል ይችላል። እኔም ብዕር ከማንሳቴ በፊት በዚሁ ሐሳብ አመንትቻለሁ። ይሁንና በየቤታችን ልቡ በመኪና ፍቅር የተነጠቀ ወጣት አይጠፋም፤ ያ ወጣት አምሽቶ በሩን እስኪከፍት ድረስ እንቅልፍ የማይወስደው ወላጅም እንዲሁ። ወጣቱ እኔ ነበርኩ። ወላጁ ደግሞ አባቴ ነው።

የምንኖረው አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ነው። አባቴ በዋሽንግተን ከተማ ለረጅም ዓመታት ታክሲ ነድቷል። ከዚያ በፊት በአገር ቤት ሳለ ሾፌሮች «ኤንትሬ» የሚሉትን የፊያት የጭነት መኪና ይዞ ከአሰብ ወደብ ወደ ኮምቦልቻና ደሴ ሲመላለስ የኖረ ሰው ነው። ጭነት ይዞ የሐረጎን ጠመዝማዛ የወረደ ሾፌር ምን ማለት እንደሆነ የወሎ አንባቢ ያውቀዋል። ከእሱ ጋር ስለ መኪና መከራከር ከሼህ ጋር ስለ ኪታብ እንደመከራከር ነው።

በ2014 (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ) ሃያ ስድስት ዓመት ሞልቶኝ ነበር። በወለድ ብድር መኪና ላለመግዛት ቆርጬ ስለነበር አራት ዓመት ሙሉ ከደመወዜ እየቀነስኩ 26 ሺህ ዶላር አጠራቅሜያለሁ። በዚህ ገንዘብ ከሁለት መኪኖች አንዱን፣ ያውም ያገለገለውን መግዛት ይቻላል። አንደኛው ሚትሱቢሺ ላንሰር ኢቮሉሽን፣ ሁለተኛው ሱባሩ ኢምፕሬዛ ደብሊው አር ኤክስ ኤስ ቲ አይ ነው። ስማቸው ረጅም ስለሆነ እንደ ወዳጆቻቸው ኢቮና ኤስ ቲ አይ ልበላቸው።

ለማያውቋቸው ጥቂት ላስረዳ። ሁለቱም የጃፓን ሥራ ናቸው፤ ሁለቱም በ1990ዎቹ መጀመሪያ ተወለዱ፤ የተወለዱበትም ምክንያት አንድ ነው። በዓለም የራሊ ሻምፒዮና «ግሩፕ ኤ» በሚባለው ክፍል መወዳደር የሚፈልግ ፋብሪካ ያንኑ ዓይነት መኪና 2,500 ያህል ሠርቶ ለሕዝብ እንዲሸጥ ደንቡ ያስገድድ ነበር። በመሆኑም ለገበያ መሄጃ የሚሆን ባለአራት በር መኪና ባለሁለት ሊትር ቱርቦ ሞተር ተገጠመለት፤ ጉልበቱም ለአራቱም ጎማዎች እንዲዳረስ ተደረገ። በ1995 ስኮትላንዳዊው ኮሊን ማክሬ በሱባሩ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ከ1996 እስከ 1999 ደግሞ ፊንላንዳዊው ቶሚ ማኪነን በሚትሱቢሺ አራት ጊዜ በተከታታይ አሸነፈ። በጎረቤታችን በኬንያ የሚካሄደውንም የሳፋሪ ራሊ በ1996 ማኪነን፣ በ1997 ማክሬ ወሰዱት። በልጅነቴ በቪዲዮ ካሴት ያየሁት ያንን ነው። ጭቃውና አቧራው አባቴ የሚያወራልንን መንገድ ይመስለኝ ነበር።

የጃፓን ፋብሪካዎች ባደረጉት ስምምነት መሠረት እስከ 2004 ድረስ የትኛውም መኪናቸው ከ280 የፈረስ ጉልበት በላይ አለው ተብሎ አይነገርም ነበር። ስለዚህ ሁለቱ ተቀናቃኞች በወረቀት ላይ ለዓመታት እኩል ሆነው ኖሩ። ወጣቱ ሁሉ ግን በሁለት ጎራ ተከፍሎ ይከራከር ነበር። እኔ የኢቮ ወገን ነበርኩ።

እዚህ ላይ የማላኮራበትን ነገር መናገር አለብኝ። በ2011 አንድ ሌሊት የጓደኛዬን መኪና ይዤ በአውራ ጎዳና ላይ በሰዓት 84 ማይል፣ ማለትም 135 ኪሎ ሜትር ገደማ ስነዳ ፖሊስ አስቆመኝ። በቨርጂኒያ ሕግ በዚያን ጊዜ ከ80 ማይል በላይ መንዳት፣ ወይም ከተፈቀደው ፍጥነት 20 ማይልና ከዚያ በላይ ማለፍ በግዴለሽነት መንዳት ተብሎ የሚያስከስስ ወንጀል ነበር፤ በ2020 የ80ው ወሰን 85 ተደረገ እንጂ ሕጉ ዛሬም አለ። ቅጣቱ እስከ 12 ወር እስራትና እስከ 2,500 ዶላር ይደርሳል። ዳኛው በገንዘብና በመንጃ ትምህርት አቀለሉልኝ። አባቴ በችሎቱ ውስጥ ከኋላዬ ተቀምጦ ነበር። ወደ ቤት ስንመለስ እሱ ነዳ፤ መንገዱን ሙሉ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። በር ላይ ስንደርስ ብቻ፣ «እኔ ሠላሳ ዓመት ስነዳ ሰው አላቆሰልኩም። ጎበዝ ስለሆንኩ እንዳይመስልህ» አለኝና ገባ።

ከሦስት ዓመት በኋላ ገንዘቤን ይዤ «አባዬ፣ ኢቮ ልገዛ ነው» ስለው «አይሆንም» ይለኛል ብዬ ነበር የጠበቅሁት። እሱ ግን «መጀመሪያ ልቀመጥበት» አለ።

ኢቮውን ያገኘነው ሜሪላንድ ነው። ነጭ ነው፤ የ2010 ሥሪት፣ አሥረኛው ትውልድ። 291 የፈረስ ጉልበት አለው። አባቴ ከፊት እንዲቀመጥ በሩን ስከፍትለት እምቢ ብሎ ከኋላ ገባ። «እናትህ የምትቀመጠው እዚህ ነው» አለ።

ስለ መሪው ምን ልበል? ገና ኩርባውን ሳስበው መኪናው መታጠፍ የጀመረ ያህል ነበር። በኩርባ ላይ ወደ ውጭ በኩል ላለው የኋላ ጎማ የበለጠ ጉልበት የሚልክ ረቂቅ መሣሪያ አለው፤ አፍንጫው ከመንገዱ እንዳይወጣ ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ፍሬኑ በአንድ ጣት ክብደት ይይዛል። ወላሂ እንደዚያ ያለ መኪና ነድቼ አላውቅም።

ነገር ግን በከተማው መንገድ በ35 ማይል ስንሄድ የታሰረ በቅሎ ሆነብኝ። ከክረምት የተረፈውን እያንዳንዱን ጉድጓድ ለወገባችን ይነግረናል፤ ሞተሩ ይጠብቃል፤ መሪው ይጠብቃል፤ እኔም እጠብቃለሁ። ወደ አውራ ጎዳናው መግቢያ ላይ ነዳጅ ስሰጠው ነው በአንድ ጊዜ ነፍስ የዘራው። ቱርቦው ተነፈሰ፣ ጀርባዬ ከወንበሩ ተጣበቀ፣ ደስታዬም ወሰን አጣ። በዚህ መሐል አባቴ ከኋላ «ስንት ይላል?» ሲል ጠየቀኝ። «ስልሳ» አልኩት። መርፌው 78 ላይ ነበር። እሱ ከተቀመጠበት መርፌው ይታየው እንደነበር የተረዳሁት ከወረድን በኋላ ነው።

የቀሩትን ጉድለቶች ቶሎ ልቁጠራቸው። ማርሹ አምስት ብቻ ስለሆነ በረጅም መንገድ ላይ ሞተሩ ወደ 3,000 ዙር ገደማ እየጮኸ ይሄዳል። የነዳጅ ታንከሩ 55 ሊትር ነው፤ ለዚህ ዓይነት ጠጪ ትንሽ ነው። ክብደቱን ለማመጣጠን ባትሪው ወደ ኋላ በመወሰዱ የዕቃ መጫኛው 200 ሊትር እንኳ አይሞላም፤ የዒድን አስቤዛ ይዞ አይገባም። ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን የቀድሞው ባለቤት ማርሚታውን ለውጦ፣ የሞተሩንም ኮምፒዩተር አስነክቶ ነበር። የእነዚህ መኪኖች ገዢ ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው ይህንን ነው፤ ከፋብሪካው እንደወጣ ያልተነካካ ማግኘት ከባድ ነው። የሲሊንደሮቹን ግፊት በጋራዥ ሳያስለኩ ገንዘብ መክፈልም ሞኝነት ነው።

ኤስ ቲ አዩን በሚቀጥለው ቅዳሜ ሪችመንድ አጠገብ ከአንዲት መምህርት ቤት አየነው። ሰማያዊ፣ ባለአራት በር፣ የ2011 ሥሪት። ሞተሩ በአሜሪካ የሚሸጠው ባለሁለት ሊትር ተኩል ሲሆን 305 የፈረስ ጉልበት አለው። ፒስተኖቹ እንደ ሌላው ሞተር ወደ ላይና ወደ ታች ሳይሆን ግራና ቀኝ ተጋድመው ነው የሚሠሩት። የጭስ ቧንቧዎቹ ርዝመት እኩል ስላልሆነ ድምፁ ይቆራረጣል፤ ከሩቅ ከበሮ ይመስላል።

ስነዳው መጀመሪያ ቅር አለኝ። ፍሪሲዮኑ ከባድ ነው። ቱርቦው እስኪነቃ ጊዜ ይወስዳል። በኩርባ ላይ አፍንጫው ወደ ውጭ ያዘነብላል፤ የኢቮው መሪ ምላጭ ከነበረ የዚህኛው ጥሩ ቢላዋ ነው። የክሩስኮቱም ፕላስቲክ ለዋጋው አይመጥንም። ሆኖም አሥር ደቂቃ ያህል እንደነዳሁ አንድ ነገር አስተዋልኩ። በ35 ማይል እየሄድኩ ሥራ አልፈታሁም። ስድስቱ ማርሾች አንድ በአንድ ጠጠር ብለው ሲገቡ እጄ ላይ ይሰማኛል፤ ድምፁ አብሮኝ ያወራል፤ መንገዱ በመሪው በኩል ወደ መዳፌ ይደርሳል። ጉልበቱ ከፊትና ከኋላ ጎማዎች መካከል እንዴት እንዲከፋፈል በጣቴ የማዘው ትንሽ መዘውርም አለው፤ ልጅ አይደለሁም እንጂ መጫወቻ ሆኖልኝ ነበር። አባቴ ከኋላ ሆኖ «ይኼኛውም ድንጋይ ነው፤ ግን ሰው ያስቀምጣል» አለ። የነዳጅ ታንከሩ 64 ሊትር፣ የዕቃ መጫኛው 320 ሊትር ገደማ ነው።

ሦስት ቀን ተከራከርን። እኔ በጽናትም ኢቮው ይሻላል እል ነበር፤ ሞተሩ የሚጠቀመው ካቴና ነው፣ የኤስ ቲ አዩ ግን ቺንጋ ስለሆነ በ105 ሺህ ማይል መለወጥ አለበት። በዚህ ነጥብ ትክክል ነበርኩ። በፍጥነት፣ በፍሬን፣ በመሪ ኢቮው እንደሚበልጥም አባቴ አልካደም። የኔ ጓደኞች ደግሞ ሁሉም ኢቮ ይሉ ነበር፤ እርግጥ ከፋዩ እኔ ነበርኩ።

አባቴ አልከለከለኝም። የጠየቀኝ «ቀስ ስትል ደስ የሚልህ የትኛው ነው?» ብሎ ብቻ ነው።

ያን ሌሊት አሰብኩበት። በተዘጋ የውድድር ሜዳ ላይ ቢሆን ዛሬም ያለ ማመንታት ኢቮውን እወስዳለሁ። ነገር ግን እኔ የምነዳው ሥራ ለመሄድ፣ እናቴን ሐኪም ቤት ለማድረስ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ተራራው ለመውጣት ነው። ሕጋዊው መንገድ ከሁለቱም መኪኖች ችሎታ ጥቂቱን ብቻ ነው የሚጠይቀው፤ ኢቮው ኤስ ቲ አዩን የሚበልጥባቸው ነገሮች ደግሞ በአብዛኛው ካልተፈቀደው ወሰን ማዶ ናቸው። እዚያ ማዶ ሄጄ ነበር፤ ችሎት ላይ አባቴን ከኋላዬ አስቀምጬ። ደስታውን የሚሰጠኝ ወሰኑን ሳልፍ ብቻ የሆነ መኪና በየቀኑ ከራሴ ጋር ሊያታግለኝ ነው። በአንድ የሙከራ ጉዞ ብቻ አባቴን እንድዋሽ አድርጎኛል። በመኪናው ማሳበቤ እንዳይደለ ይታወቅልኝ፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ። ግን ድካሜን የሚያውቅ ሰው ገንዘቡን ሲያወጣ ድካሙንም ይቁጠር።

ሰኞ ዕለት ለመምህርቷ ደወልኩ።

ዛሬ ሁለቱም በአዲስነት አይገኙም። የኢቮ ምርት በ2016 አበቃ። ኤስ ቲ አዩም በ2021 ሥሪት ተቋጨ፤ ፋብሪካው በመጋቢት 2022 በአዲሱ ደብሊው አር ኤክስ ላይ ተተኪ እንደማይሠራ አስታውቋል። አሁን ፈላጊያቸው በዝቶ ዋጋቸው ከፍ ብሏል። የእኔው አልሐምዱሊላህ እስካሁን ከእኔ ጋር ነው፤ ቺንጋውንም በጊዜው አስለውጫለሁ። ኢቮ ሲያልፍ ግን አንገቴ ሳይዞር ቀርቶ አያውቅም። ይህንን ባለቤቴም ታውቃለች።

መኪናውን በገዛሁበት ዓመት መኸር ላይ፣ ቅጠሉ ሁሉ ቀይና ቢጫ ሲሆን፣ አባቴንና እናቴን ወደ ሸናንዶአ ብሔራዊ ፓርክ ወሰድኳቸው። በተራራው ጫፍ ላይ ስካይላይን ድራይቭ የሚባል 169 ኪሎ ሜትር የሚረዝም መንገድ አለ፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ኩርባ ነው። የተፈቀደው ፍጥነት 35 ማይል፣ ማለትም 56 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ዙህር ሰግደን፣ እናቴ ከቤት የያዘችውን ምሳ በልተን ልንነሳ ስንል አባቴ እጁን ዘረጋ። ቁልፉን ሰጠሁት።

ወንበሩን አስተካከለ፣ መስታወቶቹን አንድ በአንድ አየ፣ እንደ ድሮው «ቢስሚላህ» ብሎ አስነሳ። ቁልቁለቱ ሲጀምር ማርሹን ቀንሶ ሦስተኛ ላይ አስገባና እግሩን ከፍሬን ላይ አነሳ። ሞተሩ ራሱ እየያዘው፣ ድምፁ ከገደሉ ላይ እየተመለሰ ወረድን። ኩርባውን ሁሉ አስቀድሞ የሚያውቀው ይመስል መሪውን አንድ ጊዜ ያዞራል እንጂ አያርምም። እናቴ ከኋላ «ቀስ በል» አለችው፤ ልማዷ ነው።

«ሐረጎ ላይ ይህቺ ብትኖረኝ» አለና ሳቀ።

መርፌውን ሰረቅ አድርጌ አየሁት። 38 ይላል። «ስንት ይላል?» ስትል እናቴ ጠየቀች።

«ሠላሳ አምስት» አለ አባቴ።