በጸጥተኛ ወንዝ ላይ ለብቻ ስለ መጓዝ

ለትምህርትና ለሥራ ወደ አሜሪካ የተሻገሩ ልጆቻችን ከሀገሬው ሰው የሚለምዱት ነገር ብዙ ነው። ከዚህም አንዱ በታንኳ ላይ ስንቅ ጭኖ፣ ሌሊቱን በወንዝ ዳር እያደሩ ለብዙ ቀን መጓዝ ነው። አንዳንዱም ይህን ጉዞ ያለ ጓደኛ፣ ለብቻው ሊያደርገው ይመኛል። ወላጅ ይህን ሲሰማ በአፉ የሚቀድመው ቃል «ተው፣ አትሂድ» የሚል ነው። ነገር ግን ለአካለ መጠን የደረሰ ልጅ በክልከላ ብቻ የሚመለስበት ጊዜ ጥቂት ነው። ስለዚህ ከመከልከል ይልቅ ምን ብሎ መጠየቅ እንደሚገባ ማወቅ ይበልጥ ይጠቅማል። ለዚህ ምሳሌ እንዲሆነን፣ ብቸኛ መንገደኞች ከሚመርጧቸው ወንዞች አንዱን እንመልከት።

ይህ ወንዝ ግሪን ሪቨር ይባላል፤ ትርጓሜውም አረንጓዴ ወንዝ ማለት ነው። ከዋዮሚንግ ተራሮች ፈልቆ 1,175 ኪሎ ሜትር ያህል ከወረደ በኋላ፣ በዩታ ግዛት ምድረ በዳ ውስጥ ከኮሎራዶ ወንዝ ጋር ይገናኛል። በስሙ ከምትጠራው ከተማ በታች፣ ቀይ የአሸዋ ድንጋይ በግራና በቀኝ እንደ ግንብ ወደ ቆመበት ላቢሪንት ወደተባለው ገደል ይገባል። ከከተማይቱ አንሥቶ ሚነራል ቦተም እስከሚባለው መውጫ ድረስ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህ ሁሉ መንገድ ፏፏቴም፣ ታንኳ የሚገለብጥ ፈጣን ውኃም የለም። ቦውኖት በተባለው ስፍራ ወንዙ ወደ 11 ኪሎ ሜትር ያህል ዞሮ ዞሮ፣ ቀድሞ ካለፈበት አጠገብ ተመልሶ ይመጣል፤ የአንድ ሰዓት ያህል መንገድ በቀዘፈ ቁጥር መንገደኛው ያንኑ ኮረብታ በሌላ ጎኑ ያየዋል።

ለዚህ ገደል ስሙን ያወጣለት ጆን ዌስሊ ፓወል ነው። ይህ ሰው በእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ቀኝ እጁን ያጣ ወታደርና የመሬት ጥናት መምህር ነበረ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሜይ 24 ቀን 1869 ዓ.ም. ራሱን ጨምሮ 10 ሰዎች በ4 ታንኳዎች ሆነው ከዋዮሚንግ ተነሡ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አንዱ ታንኳ ከነስንቁ ተሰባብሮ ጠፋ። ከመንገደኞቹ አንዱ በጁላይ ወር ጉዞውን ተወ። ሌሎች 3 ሰዎች ደግሞ በኮሎራዶ ታላቅ ገደል ውስጥ የውኃውን ኃይል ፈርተው በኦገስት 28 ቀን በእግራቸው ወጡ፤ ከዚያ በኋላም በሕይወት ያያቸው ጓደኛ የለም። የቀሩት 6 ሰዎች ግን በማግሥቱ ከገደሉ በደኅና ወጡ። እነዚያ ሦስቱ የጎደላቸው ጀግንነት አልነበረም፤ መውጫው ምን ያህል እንደ ቀረበ የሚነግራቸው ካርታ በዚያን ጊዜ አልነበረም።

ዛሬ ካርታው አለ፤ አደጋው ግን አብሮ አልጠፋም። «ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ይባላል፤ ጸጥ ያለ ወንዝም የሚያታልለው በጸጥታው ነው። በግንቦትና በሰኔ የተራራው በረዶ ሲቀልጥ ወንዙ ይሞላል፤ ውኃው በጣም ይቀዘቅዛል፤ የማደሪያው አሸዋም ይሰጥማል። በሐምሌና በነሐሴ ሙቀቱ ወደ 40 ዲግሪ ይደርሳል፤ ደመናውም በሩቅ ዘንቦ፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት በደረቁ ሸለቆ ደራሽ ይመጣል። በወንዝ ዳር ያደገ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ በሸለቆ አፍ ላይ ድንኳን አይተክልም። ለብቸኛ ሰው የተሻለው ወራት መስከረም ነው፤ ውኃው ዝቅ ይላል፣ ሙቀቱም ይበርዳል። ከቀትር በኋላ ግን ነፋሱ ብዙ ጊዜ ከፊት ለፊት ስለሚነፍስ፣ ማልዶ መቅዘፍ ይገባል።

በምድረ በዳው የሚጠጣ ንጹሕ ውኃ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። የወንዙም ውኃ በጭቃ የደፈረሰ በመሆኑ ማጣሪያን ይደፍናል። ስለዚህ ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ያህል ይጫናል፤ ለአምስት ቀን 20 ሊትር፣ ለመጠባበቂያም ተጨማሪ። ፈቃድ አስቀድሞ ይወጣል። እሳት የሚነደው በብረት ሳሕን ላይ ነው፤ አመዱም ዓይነ ምድሩም በታሸገ ዕቃ ተይዞ ይወጣል እንጂ በዳርቻው አይቀርም።

ሁለት ሰዎች ሲጓዙ አንዱ ቢወድቅ ሌላው ያነሣዋል። ብቸኛው ግን ታንኳው ካመለጠው ምግቡም፣ ውኃውም፣ ልብሱም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ተንሳፋፊውን ሰደርያ በውኃ ላይ ሳለ ከገላው አያወልቅም፤ ሌሊት ታንኳውን በሁለት ገመድ ያስራል፤ ትርፍ መቅዘፊያ ይይዛል። በገደሉ ውስጥ ተራ ስልክ ስለማይሠራ በሳተላይት መልእክት የሚልክ መሣሪያ ያስፈልገዋል፤ ይህንንም በሻንጣው ሳይሆን በሰውነቱ ላይ ይይዛል።

መውጫውም ራሱ ይታሰብበታል። ከሚነራል ቦተም የሚወጣው ጠመዝማዛ መንገድ በ2010 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. በጎርፍ ፈርሶ ለወራት ተዘግቶ ነበር። ያንን መውጫ ያለፈ ሰው እስከ ኮሎራዶ መገናኛ 84 ኪሎ ሜትር ይቀረዋል፤ በዚያም የመኪና መንገድ የለም፤ አስቀድሞ የተቀጠረ የሞተር ጀልባ ካልመጣለት በቀር አይወጣም። ከመገናኛው ጥቂት ኪሎ ሜትር ዝቅ ብሎም አስፈሪው የካታራክት ፈጣን ውኃ ይጀምራል።

እንግዲህ ለብቻው የሚጓዝ ሰው ለብቻው ማቀድ አይገባውም። ደኅንነቱ የሚጠበቀው ከጉልበቱ ይልቅ በየብስ ላይ በቀረው ሰው ነው። ልጃችሁ ይህን ቢያስብ አትቈጡ፤ ይልቁንም ጠይቁት። ከየት ትነሣለህ? በየት ትወጣለህ? በየዕለቱ ስንት ኪሎ ሜትር ትሄዳለህ? ስንት ሊትር ውኃ ጭነሃል? በመውጫው ማን ይቀበልሃል? በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት ድምፅህን ካልሰማን፣ ለየትኛው አውራጃ ሸሪፍ በምን ቍጥር እንደውል? መልሱን በቃል ሳይሆን በወረቀት ጽፎ ይስጣችሁ። መልስ ያጣበት ጥያቄ ካለ ጉዞው ገና አልተዘጋጀም፤ ወንዙ ለሚቀጥለውም መስከረም በስፍራው አለ። ሁሉንም ከመለሰ ግን መርቃችሁ ስደዱት፤ ወረቀቱም ከስልኩ አጠገብ ይቀመጥ።