ጳጉሜ ተሸንፈን ጥቅምት አለፍን

ከጎረቤት ጋር ደርሶ መልስ እንደመጫወት ልብ የሚሰቅል ነገር አለ? መጀመሪያ ደጁ ትሄዳለህ፣ ከዚያ እሱ ደጅህ ይመጣል። እኛና ሱዳን ደግሞ የቆየን ተፎካካሪዎች ነን፤ የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ በ1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ሲካሄድ ከግብፅ ጋር ሦስት ብቻ ነበርን።

ጳጉሜ 2004 በአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ እዚያው ካርቱም 5 ለ 3 ተሸነፍን። አምስት ጎል ገብቶበት ማን ተስፋ ያደርጋል? እኛ ግን አደረግን! ሦስቱ ጎሎች ከሜዳ ውጭ የተቆጠሩ ናቸዋ። ድምሩ እኩል ከሆነ ፈራጆቹ እነሱ ናቸው፤ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 ይበቃናል። በየሻይ ቤቱ ሲሰላ የከረመው ይኸው ነበር።

ጥቅምት 4 ቀን 2005፣ እሑድ። የመጀመሪያው አጋማሽ ያለ ጎል አለቀ፤ ያ እረፍት እንዴት ረዘመ! ከእረፍት መልስ አዳነ ግርማ አገባ። ደስታውን ሳንጨርስ ሳላዲን ሰኢድ ደገመ። ድምር 5 ለ 5። የአሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ልጆች ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ መለሱን።

አውሮፓ ያንን የጎል ደንብ እ.ኤ.አ. በ2021 ሽራዋለች። እኔ አልስማማም። በሰው አገር፣ በሰው ጩኸት መሀል የገባ ጎል ሊመዝን ይገባዋል። ደንቡ ባይኖር ኖሮ ያን እሑድ 2 ለ 0 ብቻውን አያሳልፈንም ነበር።