የከተማው ፀሐይ አታለለን

እኛ በሞያሌ በኩል ናይሮቢ ዕቃ የምናመላልስ ባልና ሚስት ነን። መንገድ ሳንጠይቅ ጭነት አናስነሳም። የዝናብ ወራት ሲመጣ ማርሳቢት ላይ ላለው ሹፌር እንደውላለን፤ «ጎርፍ አለ? የቆመ መኪና አለ?» ብለን እንጠይቃለን። የናይሮቢ ሰማይ ጠርቷል ብሎ መኪና የሚያስነሳ ነጋዴ አናውቅም። ይህን ሁሉ የምናውቅ ሰዎች አሜሪካ ስንሄድ ረሳነው።

የዛሬ ሁለት ዓመት ጥር ላይ እማዬንና ሁለቱን ልጆቻችንን ይዘን ኮሎራዶ፣ አውሮራ ያለችውን እህታችንን ልንጠይቅ ሄድን። ልጆቹ በረዶ ካላየን፣ ስኪ ካልሞከርን አሉ። እኛ አገር በረዶ ማለት ከዝናብ ጋር ቆርቆሮ የሚደበድበው ነውና እኛም ጓጓን። ስልካችንን ከፍተን የዴንቨርን አየር አየን፤ ፀሐይ ነው። በኪራይ መኪና ተነሳን።

በሀይዌይ 70 ሽቅብ ስንወጣ ሰማዩ ጠቆረ። የአይዘንሃወር ዋሻ ሳንደርስ በረዶው መንገዱን ሸፈነው፤ ፊት ለፊታችን መኪኖች ተጋጭተው መንገዱ ተዘጋ። አራት ሰዓት ቆምን። የእማዬ የደም ግፊት መድኃኒት አውሮራ ቀርቷል፤ ነዳጁ ከግማሽ በታች ነው፤ የመኪናዋ ጎማም ያለቀ ነበር። እማዬ ምንም አላለችም፤ ነጠላዋን ለልጆቹ አልብሳ ዝም ብላ ትጸልይ ነበር። እኛ ግን እርስ በርስ መተያየት አፈርን።

ማታ በሰላም ተመለስን። እህታችን ተቆጥታ አስቀመጠችንና ማድረግ የነበረብንን አሳየችን።

መጀመሪያ የሚታየው የተራራው አየር ነው፣ የከተማው አይደለም። ዴንቨር 1,600 ሜትር ላይ ነው፤ ዋሻው 3,400 ሜትር ገደማ። «እኛ የአዲስ አበባ ልጆች ነን፣ ከፍታ ለምደናል» ብለን ነበር፤ ለካ ዋሻው ከአዲስ አበባም በ1,000 ሜትር ይበልጣል። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ ከ6 እስከ 7 ዲግሪ ይቀንሳል። በመንግሥት የአየር ትንበያ ገጽ ካርታው ላይ ተራራውን ራሱን ሲነኩት የዚያን ቦታ በረዶና ነፋስ በየሰዓቱ ይነግራል።

ሁለተኛው የስኪ ቦታው ዕለታዊ ዘገባ ነው። በ24 ሰዓት የወረደው አዲስ በረዶና መሬት ላይ የተጠራቀመው ለየብቻ ይጻፋሉ። ስንት ሊፍት እንደሚሠራም ማየት ነው፤ ነፋስ ከበረታ ሊፍቱ ይቆማል፣ የተከፈለው ገንዘብም ይቃጠላል።

ሦስተኛው መንገዱ ነው። ኮትሪፕ የሚባለው የክፍለ ግዛቱ የመንገድ ገጽ በካሜራ ያሳያል። በዚያ መንገድ ከመስከረም እስከ ግንቦት ተገቢ ጎማ መያዝ ሕግ ነው፤ የጎማው ጥርስ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ጥልቀት ሊኖረው ይገባል። ከዚህ ሌላ ብርድ ልብስ፣ ውሃ፣ መድኃኒት፣ ሙሉ ነዳጅ።

ልንመለስ እሑድ ነበር። ለልጆቹ ቅዳሜ በድጋሚ እንወጣለን ብለን ቃል ገባን፤ ጫማና ልብስም ተከራየን። ሐሙስ ማታ ትንበያውን ስናይ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ የበረዶ ማዕበል ማስጠንቀቂያ ወጥቷል። ጠዋት መውጣት ይቻላል፤ መመለሱ ነው ችግሩ። ቀረን። ትንሿ አለቀሰች፤ ትልቁ ቀኑን ሙሉ አኮረፈን። ለልጅ የገቡትን ቃል ማጠፍ ያማል፤ የኪራዩም ገንዘብ አልተመለሰልንም።

ቅዳሜ ማታ አውሮራም ላይ ትንሽ ወረደ። እህታችን ሰፊ የፕላስቲክ ትሪ አምጥታ ሰፈር ካለው መናፈሻ ጉብታ ላይ አንሸራተተቻቸው። እማዬ ከመኪናው ውስጥ ሆና እያየች ሳቀች።

አገር ስንገባ ታሪኩን ለማርሳቢቱ ሹፌር ነገርነው። «ታዲያ እዚያ የሚደወልለት ሰው አጣችሁ?» አለን። መልስ አልነበረንም። ዘመድ ጥየቃ የምትሄዱ ወገኖች፣ እንደ ጭነታችሁ ሁሉ ለልጆቻችሁም መንገድ ጠይቁ።