ከደብረ ማርቆስ እስከ ቡሬ፦ ማን ወደቀ?

ደምበጫንና ጅጋን አልፈን ፍኖተ ሰላም ስንገባ ከመናኸሪያው አጠገብ በርበሬ በጆንያ ተቆልሏል። ሻይ ቤቱ ውስጥ ግን የገበያ ወሬ የለም። ወሩ መጋቢት 2015 ነው፤ የሁሉም አፍ ላይ ያለው የ12ኛ ክፍል ውጤት ነው። ከአዲስ አበባ መምጣቴን የሰሙ አንድ አዛውንት «የእናንተዎቹስ ስንት አመጡ?» አሉኝ፣ እኔ ፈታኝ የሆንኩ ይመስል።

ፈተናው ኩረጃን ለማስቀረት ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ተወስዶ ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ናቸው፤ 3.3 ከመቶ። አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከ1,100 በላይ ናቸው። ኩረጃው መቅረቱ ደግ ነው። ግን የወደቀው ማን ነው? ልጁ፣ መምህሩ፣ ወይስ ሥርዓተ ትምህርቱ?

አንድ የገጠር መምህር ሮስተሩን ገልጦ አሳየኝ። በተከታታይ ምዘና የተሰጠው ማርክ ያማረ ነው፤ 70፣ 74፣ 81። የስም መጥሪያው ላይ ግን በበርበሬ ለቀማ ወቅት የቀሪ ምልክት ረድፉን ሞልቶታል። ከዚያ የራሱን ደብተር አወጣ። መስከረም ላይ ለእያንዳንዱ የ9ኛ ክፍል ልጅ አንድ አንቀጽ ያስነብባል፤ ሰኔ ላይ እንደገና። «ይህ ከአራተኛ ክፍል ያልበለጠ ንባብ ይዞ መጣ» አለኝ በጣቱ እየጠቆመ፤ «ሲጨርስ ጋዜጣ አነበበ። ፈተና ቢቀመጥ ግን ወዳቂ ነው።» እንዲህ ያለውን ትምህርት ቤት የሚመዝኑት የኢንስፔክሽን መስፈርቶች 26 ነበሩ፤ ከደረጃ 1 እስከ 4 ያስቀምጡት ነበር። መምህሩን ሊያይ የመጣው ሱፐርቫይዘር ግን የትምህርት ዕቅዱን አይቶ ፈረመ፤ ደብተሩን አልጠየቀም። እኔ ብሆን ከሁሉ አስቀድሜ ያንን ደብተር እጠይቅ ነበር።

ማንኩሳ ስንደርስ የመንደሩን ልጅ፣ የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ልቦለድ ባለታሪክ በዛብህን፣ ማስታወስ ግድ ነው። እሱን ያወጣው የቅኔ ጉባኤ ዛሬም በጎጃም አልጠፋም። ከቡሬ ወዲህ ባለ አንድ ደብር ጎጆ ሥር ተቀምጬ አየሁ፤ ተማሪው ሲያወጣ ሲያወርድ ያደረውን ሁለት ስንኝ ጉባኤ ቃና ለመምህሩ ነገረ። መምህሩ ዓይናቸውን ሳይገልጡ «ሰሙ ቆሟል፤ ወርቁስ ወዴት አለ?» አሉት። ልጁ ነገ ይዞ ይመለሳል። ጉባኤ ቃናው ሳይሰምርለት ወደ ቀጣዩ የቅኔ ዓይነት የሚያሻግረው የለም። ይህን አይተው አገር የዳነ የሚመስላቸው አሉ፤ እኔ አይመስለኝም። በረኀብና ምግብ ሲለምኑ በሚገጥማቸው የውሻ ንክሻ ተማርረው ጉባኤውን ጥለው የሄዱትን የቆጠረ ማን አለ?

ቡሬ ላይ ያሳደረችኝ ሴት፣ ልጇ 39 ከመቶ አምጥታ ኖሮ በአቅም ማሻሻያ (ሪሜዲያል) ፕሮግራም ዩኒቨርሲቲ ተመድባለች። ቡናውን እየቀዳች እንዲህ አለችኝ፦ «ጥር ላይ ወደቀች አሉኝ፣ አለቀስሁ። አሁን ደግሞ ነይ ይሏታል። እስቲ አንተ የተማርኸው ንገረኝ፤ የትኛውን ልመን?»