እዚህ ቤት አይመሽም እንዴ?

እናቴ ለጉልበቷ ሕክምና ከደብረ ታቦር ገጠር መጥታ እኛ ቤት ባረፈች በሁለተኛው ሌሊት፣ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ ጠምጥማ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። እኔ ሳሎን ሆኜ የወሩን ሒሳብ እየዘጋሁ ነበር፤ ለሌሊቱ 6 ሰዓት ጥቂት ቀርቶታል። ከመኝታ ቤቱ በር በላይ ባለው መስታወት የሳሎኑ ብርሃን ወለል ብሎ ይገባል።

«ምነው እማ፣ አመመሽ እንዴ?» አልኳት።

ነጠላውን ገለጥ አድርጋ ወደ መስታወቱ አየችና፣ «አላመመኝም ልጄ። ግን እዚህ ቤት አይመሽም እንዴ?» አለችኝ።

ሳቅሁ። «ከተማ ነው እኮ» ብዬ ወደ ሒሳቤ ተመለስኩ። ጥያቄው እስኪገባኝ ድረስ ክረምቱ ተጋመሰ።

ያደግሁት በኩራዝ ነው። ከቆርቆሮና ከጨርቅ ክር የተሠራች፣ ነጭ ጋዝ የምትጠጣ ኩራዝ። ለስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ስዘጋጅ ደብተሬን ነበልባሏ ሥር አስጠግቼ ሳነብ ቅንድቤ ተለብልቧል፤ ጠዋት ስናፈጥ ከአፍንጫዬ የሚወጣው ጥቀርሻ ነበር። ጋዙ ሲያልቅ ጥናቱም ያልቃል። ስለዚህ ጨለማ ለእኔ ሌላ ስሙ ድህነት ነው። የራሴ ቤት ሲኖረኝ አንዲት ጥግ እንኳ እንዳትጨልም ብዬ ለራሴ የማልኩት ያኔ ነው።

ኮንዶሚኒየም ሲደርሰኝ መሐላዬን ፈጸምኩ። መርካቶ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁ ሁለት አምፖል ሰክቶ አበራልኝ፤ አንዱ ቢጫ፣ ሌላው እንደ በረዶ ነጭ። «ቢጫው ለቡና ቤት ነው። ለመኖሪያ ነጩን ውሰድ፤ ሌሊቱን ቀን ያስመስልልሃል» አለኝ። እንደ ምርቃት ተቀበልኩት። ሳሎኑ ጂፕሰም ላይ ብቻ 12 ስፖት አስገባሁ፤ ዙሪያውን ደግሞ ስትሪፕ አዞርኩበት። እንግዳ መጥቶ «ቤታችሁ እንዴት ብርሃን ነው!» ሲል እኔና ባለቤቴ ተያይተን ፈገግ እንላለን።

ለዚህ ብርሃን የከፈልነውን ግን ሒሳብ ሠራተኛው እኔ የትም አልመዘገብኩትም። አልጋ ላይ ወጥቼ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ጣሪያ አያለሁ። ጥፋቱን መጀመሪያ በኑሮ ውድነት፣ ቀጥሎ በቡና አላከክሁ። የስድስት ዓመቱ ልጃችን ከምሽቱ 4 ሰዓት በፊት ዓይኑን አይከድንም፤ ጠዋት የትምህርት ቤቱ ሰርቪስ ከታች ጥሩምባ ሲነፋ ካልሲውን የምናጠልቅለት ተኝቶ ነው።

ከሁሉም የከፋው ግን የልጅቷ ነው። ቤት ውስጥ የምታግዘን የ19 ዓመት ልጅ ፍራሿን የምትዘረጋው ሳሎን፣ ከሶፋው ጀርባ ነው። እኔ ሥራዬን ጨርሼ መብራቱን እስካጠፋ ድረስ እሷ የምትተኛው፣ መተኛት ከተባለ፣ ከ12 ስፖት ሥር ጋቢዋን እስከ አናቷ ተከናንባ ነው። ጠዋት ቁርስ ሲዘገይ፣ ወተት ሲገነፍል፣ ድስት ሲያር «ሰነፍ» ያልኳት እኔ ነኝ። አንድ እሑድ ጠበል ልሂድ ብላ ፈቃድ ስትጠይቅ፣ «ሰበብ ነው» ብዬ ለባለቤቴ ሹክ ያልኩትም እኔ ነኝ።

ሐምሌ ላይ የብሎካችን መስመር ተበላሽቶ አምስት ቀን መብራት ጠፋ። የመጀመሪያውን ምሽት በንዴት አሳለፍኩት። በሁለተኛው፣ እናቴ በሻማ ለልጁ ተረት ስታወራለት ተረቱ ሳያልቅ፣ ገና 2 ሰዓት ተኩል ላይ እንቅልፍ ወሰደው። በሦስተኛው እኔም 4 ሰዓት ሳይሞላ ተኛሁ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ስነቃ ቤቱን የቡና ሽታ ሞልቶታል፤ ከማእድ ቤት እንጉርጉሮ ይሰማል። ያቺ «ሰነፍ» ያልኳት ልጅ ሁላችንንም ቀድማ ተነሥታለች። ጠዋት ጠዋት ድምፅ እንዳላት እንኳ አላውቅም ነበር።

በአምስተኛው ማታ ሁላችንም ከተኛን በኋላ ከየብሎኩ «መጣ!» የሚል ጩኸት ተነሣ። ማብሪያዎቹን ሳናጠፋቸው ቀርተን ኖሮ ቤቱ ባንዴ ቦግ አለ። ልጁ ባንኖ ተነሣ። ላጠፋ ወደ ሳሎን ስወጣ፣ የልጅቷ እጅ ከፍራሹ ላይ ተነሥቶ በእንቅልፍ ልቡ ጋቢውን ወደ ፊቷ ሳበ። ያን እጅ አየሁት። ስንት ወር ሙሉ ሲስብ አላየሁትም ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው ማንበብ የጀመርኩት። የእያንዳንዳችን አንጎል ውስጥ ሰዓት አለ። ዑደቱ በአማካይ ከ24 ሰዓት በጥቂት ደቂቃዎች ስለሚበልጥ፣ በየቀኑ ካልተስተካከለ እየዘገየ ይሄዳል። ዋናው አስተካካዩ በዓይን የሚገባው ብርሃን ነው። ከዓይናችን ሕዋሳት መካከል ዋና ሥራቸው መልክ ማሳየት ሳይሆን የብርሃኑን መጠን ለዚህ ሰዓት ማሳወቅ የሆነ እንዳሉ በጥናት የተረጋገጠው ቅርብ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። እነዚህ ሕዋሳት ከሁሉ ይልቅ የሚነቁት በሰማያዊ ብርሃን ነው። እነሱ ጸጥ ሲሉ አንጎል ሜላቶኒን የሚባለውን ንጥረ ነገር ይለቃል። ሜላቶኒን ለሰውነታችን እንደ አዋጅ ነጋሪ ነው፤ «መሽቷል» ብሎ ያውጃል። እናቴ የጠየቀችኝ ለካ ይህንኑ ኖሯል።

የእኔ ነጭ አምፖሎች ደግሞ በውስጣቸው ሰማያዊ ናቸው። አብዛኛው ነጭ ኤልኢዲ አምፖል ከውስጥ የሚያመነጨው ሰማያዊ ብርሃን ነው፤ ላዩ ላይ የተቀባው ቢጫ ፎስፈር ከዚያ ጋር ተቀላቅሎ ነጭ ያስመስለዋል። ሰማያዊውን ኤልኢዲ የፈለሰፉት ሦስት የጃፓን ተወላጆች እ.ኤ.አ. በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ተሸለሙ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ2017፣ የሕክምናው ኖቤል የዚህን የውስጥ ሰዓት አሠራር በፍራፍሬ ዝንብ ላይ ላጠኑ ሦስት አሜሪካውያን ተሰጠ። አንዱ ሽልማት ቀንን አምፖል ውስጥ ለከተቱት፣ ሌላው ያ አምፖል የሚያምታታውን ሰዓት ፈትተው ላሳዩን።

እኛ እኮ ሰዓት የምንቆጥረው ከንጋት ነው። ፀሐይ ስትወጣና ስትጠልቅ 12 ይላል፤ አዲስ አበባ ላይ ቀኑ ክረምት ከበጋ ከ12 ሰዓት እምብዛም አይርቅም። እኔ ግን በየምሽቱ ሌላ ስድስት ሰዓት ቀን ስጨምርበት ኖሬአለሁ። በሙያዬ እንዲህ ያለ ጭማሪ የሚሠራ ሰው ይጠየቅበታል።

ማስተካከሉ ላይም ተሳስቻለሁ። የአምፖል ካርቶን ላይ ኬ የምትባል የፈረንጅ ፊደል ያለበት ቁጥር አለ፤ የብርሃኑን ቀለም የሚነግር ነው። የሻማ 2000 አይሞላም፤ የድሮው ባለ ክር አምፖል 2700 ገደማ ነው። የእኔዎቹ 6500 ይላሉ። ቁጥሩ ሲጨምር ሰማያዊው ይበዛል። ይህን እንዳወቅሁ ሮጬ ሁሉንም ስፖቶች በ3000 ለወጥኳቸው። ቤቱ ቢጫ ሆነ፤ እንቅልፌ ግን እንደነበረ ነው። ለካ ቀለሙ ብቻ ሳይሆን ብዛቱም ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት እንደሚለው፣ ሉክስ በሚባለው የብርሃን መለኪያ ከ200 በታች የሆነ ተራ የቤት መብራት እንኳ ከደብዛዛው ጋር ሲነጻጸር ሜላቶኒን የሚቆይበትን ጊዜ 90 ደቂቃ ገደማ ያሳጥረዋል። ቢጫም ቢሆን 12 ስፖት አናት ላይ ከተደረደረ ዓይን «ቀን ነው» ይላል።

ያኔ ኤሌክትሪሽያን ጠርቼ የሳሎኑን መስመር ለሁለት አስከፈልኩ። ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ጣሪያው በሙሉ ይጠፋል፤ የሚበራው ጥግ ላይ፣ ከተቀመጠ ሰው ዓይን ዝቅ ብሎ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረ ባለ 2700 ትንሽ መብራት ብቻ ነው። ስትሪፑ ተነሣ። ከበሩ በላይ ያለው መስታወት በወፍራም ጨርቅ ተሸፈነ፤ የግቢው መብራት ለሚገባበት መስኮትም ደርብ መጋረጃ ተሰፋ። ማእድ ቤቱን አልነካሁትም፤ ቢላዋና እሳት ባለበት ደህና ብርሃን ያስፈልጋል።

ከዚያ ደግሞ ጨለማውን አበዛሁት። አንድ ሌሊት እናቴ ሽንት ቤት ስትሄድ በዚያችው በታመመች ጉልበቷ ከጠረጴዛ ጋር ተጋጨች። ደግነቱ አልወደቀችም። በማግስቱ ኮሪደሩ ላይ፣ ወለሉ አጠገብ ባለው ሶኬት፣ የፍም መልክ ያላት ትንሽ መብራት ሰካሁ። መንገድ ታሳያለች እንጂ ከዓይን አትገባም። እናቴ «ይቺማ ኩራዝ ናት» አለች። አልዋሸችም።

ምሽቱን ማደብዘዝ ግን ግማሽ ሥራ ነው። ሰዓቱ የሚስተካከለው ቀን በሚገኝ ብርሃንም ጭምር ነው። ቢሮዬ ብሩህ ይመስለኝ ነበር፤ የቢሮ መብራት ግን ጥቂት መቶ ሉክስ ሲሆን፣ ደመና የሸፈነው የክረምት ሰማይ በሺዎች ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2022 የመስኩ ሊቃውንት በጋራ ያወጡት ምክር፣ ለእነዚያ የዓይን ሕዋሳት በተስማማ መለኪያ፣ ቀን ዓይናችን ዘንድ ቢያንስ 250፣ ከመኝታ በፊት ባሉት ሦስት ሰዓታት ቢበዛ 10፣ በእንቅልፍ ጊዜ ከ1 ያልበለጠ ይሁን ይላል። ስለዚህ ጠዋት ሁለት ፌርማታ በእግሬ እሄዳለሁ። እናቴም ወደ ገጠር እስክትመለስ ድረስ የጠዋት ቡናዋን በረንዳ ላይ ትጠጣ ነበር። ዕድሜ ሲገፋ የዓይን ሌንስ ቢጫ እየሆነ ስለሚሄድ ለሰዓቱ የሚደርሰው ብርሃን ይቀንሳል፤ ለአረጋውያን የቀን ብርሃን ሲበዛ ይሻላል። የልጆች ዓይን ደግሞ ጥርት ያለና ብሌኑም ሰፊ ነው፤ የምሽቱ ብርሃን በእነሱ ይበረታል።

ተአምር አልሆነም። ልጁ 3 ሰዓት ሳይሞላ ይተኛል፤ ካልሲውንም ራሱ ያጠልቃል። እኔ ግን ወር ሲዘጋ አሁንም አመሻለሁ፤ ስልኬም ከእጄ አልጠፋም።

ልጅቷን ይቅርታ ለመጠየቅ አንድ ሳምንት ሙሉ ቃል ስፈልግ ከረምኩ። አንድ ቅዳሜ ሽንኩርት ስትከትፍ ማእድ ቤቱ በር ላይ ቆሜ፣ «ስንፍና አልነበረም። ያላስተኛሁሽ እኔ ነኝ» አልኳት።

ከመክተፊያው ቀና ሳትል፣ «እኔማ ጋሼ፣ ታምሜ መስሎኝ ነበር» አለችኝ። «ጠበል የሄድኩትም ለዚሁ ነው።»

የምመልሰው አጣሁ።

አሁን ሳሎናችን 3 ሰዓት ተኩል ላይ ይጨልማል። ያላለቀ ሒሳብ ካለኝ ላፕቶፔን ይዤ ማእድ ቤት እገባለሁ። በሩን እዘጋና፣ ከሥሩ ሾልካ ወደ ሶፋው ጀርባ የምትሄደውን ቀጭን ብርሃን በፎጣ እደፍናታለሁ።