ሰዓቱን ማን ይያዝ?



የመመረቂያ ፕሮጀክታችን የእንቁላል መፈልፈያ መቆጣጠሪያ ነው ስንል ማራኪ ያላችሁ ጓደኞቻችን ትስቃላችሁ። ሥራው ግን እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። የዶሮ እንቁላል 21 ቀን ሙሉ በ37.5 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ መሞቅ አለበት። መቆጣጠሪያው ሙቀቱን ይጠብቃል፣ ቀኑን ይቆጥራል፣ መብራት ጠፍቶ ሲመጣም ስንተኛው ቀን ላይ እንደነበረ ማስታወስ አለበት። ጎንደር ውስጥ ሦስት ሳምንት ሙሉ መብራት ሳይጠፋ ያልፋል ብሎ የሚተማመን ሰው አላገኘንም። እንቁላሉ ደግሞ የሰው ገንዘብ ነው፤ እኛ ዘንድ ሲቀመጥ አማና ይሆናል።

አንዱ ሙከራ 21 ቀን ከወሰደ አሥሩ 210 ቀን ይወስዳል። ሴሚስተሩ አይበቃንም። ስለዚህ ሳጥኑን ከመሥራታችን በፊት ሁሉንም በኮምፒውተር ለመፈተሽ ወሰንን።

ሁለት መሣሪያዎችን መረጥን። ሁለቱም በነጻ የሚገኙ ናቸው፤ ክራክ መፈለግ የለም። አንደኛው ሲምኤቪአር ይባላል። አርዱይኖ ኡኖ ላይ ያለውን አትሜጋ 328ፒ ፕሮሰሰር አስመስሎ ኮዳችንን ትእዛዝ በትእዛዝ ያስኬዳል። ነገር ግን ስለ ሳጥኑ፣ ስለ ማሞቂያውና ስለ እንቁላሉ አንዳች አያውቅም። ለብቻው ካስኬድነው የሴንሰሩን መልስ አስቀድመን የምንጽፍለት እኛ ነን፤ ጠያቂም መላሽም እኛው እንሆናለን። ሁለተኛው ሲስተምሲ ነው። በሲ ፕላስ ፕላስ የተጻፈ፣ ሃርድዌርንና የጊዜን ሂደት ለመግለጽ የሚያገለግል ላይብረሪ ሲሆን ከ2005 ጀምሮ በአይትሪፕልኢ ቁጥር 1666 ተብሎ የሚታወቅ ደረጃ አለው። በእሱ የሳጥኑን ሙቀት፣ ማሞቂያውንና የመብራቱን መስመር ገለጽን።

ሐሳባችን የመጀመሪያውን በሁለተኛው ውስጥ ማስገባት ነበር። ያኔ ኮዱ ማሞቂያውን ሲያበራ ሳጥኑ ይሞቃል፣ ሴንሰሩ ይናገራል፣ ፕሮሰሰሩ መልሶ ይሰማል። ፒኖቹን ከሞዴሎቹ ጋር ማገናኘት የአንድ ቀን ሥራ ነበር። የቀረውን ጊዜ ሁሉ የወሰደብን የሰዓት ጉዳይ ነው።

ሁለቱም የራሳቸውን ሰዓት ይዘው ይመጣሉ። ሲምኤቪአር የራሱን ዙር ያዞራል፤ ፕሮሰሰሩ ሲተኛ ደግሞ የግድግዳውን ሰዓት ለመምሰል ኮምፒውተሩን በእውነት ያስጠብቃል። የሲስተምሲ ጊዜ ከግድግዳው ሰዓት ጋር ግንኙነት የለውም፤ ከአንዱ ክስተት ወደ ሌላው ይዘላል። በውስጡ ያለ እያንዳንዱ ሂደት ተራውን ሲጨርስ በራሱ ፈቃድ «ልጠብቅ» ብሎ መልቀቅ አለበት። አንዱ አልለቅም ካለ የሁሉም ጊዜ ይቆማል፤ ሳጥኑ አይሞቅም፣ አይቀዘቅዝም።

አዲስ ዓለም ውስጥ ጧት መድረሳ፣ ከዚያ የመንግሥት ትምህርት ቤት እየተመላለስን ላደግነው ሁለት ሰዓት አዲስ ነገር አይደለም። አንዱ በሶላት ወቅት ይቆጥራል፣ ሌላው በደወል። የጀማዓ ሶላት ደግሞ መፍትሔውን ያሳያል። ብቻውን ሲሰግድ በራሱ ፍጥነት የሚሄድ ሰው ሰፍ ውስጥ ከገባ በኋላ ኢማሙን ቀድሞ ሩኩዕ አይወርድም። መስገዱን አልተወም፤ ፍጥነቱን ግን ለኢማሙ ሰጥቷል። እኛም የሲምኤቪአርን ዙር ከእጁ ወስደን ለሲስተምሲ ሰጠነው።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ፕሮሰሰሩ አንድ ትእዛዝ ይፈጽማል፤ ስንት ዑደት እንደወሰደ እንቆጥራለን፤ ያንን ወደ ጊዜ ለውጠን በሲስተምሲ ውስጥ ያን ያህል እንጠብቃለን። በ16 ሜጋኸርዝ አንዱ ዑደት 62.5 ናኖሰከንድ ነው። ይህችን ግማሽ ናኖሰከንድ ቆርጦ 62 ብሎ የሚያሰላ ሰው በየሰከንዱ 8 ሚሊሰከንድ፣ በ21 ቀን ውስጥ ደግሞ 4 ሰዓት ገደማ ያጣል። ሲስተምሲ ካልቀየሩት በቀር እስከ አንድ ፒኮሰከንድ ድረስ ስለሚቆጥር ዑደቱ 62,500 ሆኖ ሳይሸረፍ ይገባል።

በየትእዛዙ መጠበቅ ግን በጣም ያዘገማል። የተለመደው መላ ፕሮሰሰሩ ለተወሰነ ጊዜ፣ ለምሳሌ ለ1 ሚሊሰከንድ፣ ቀድሞ እንዲሮጥና ከዚያ ቆሞ ሌላውን እንዲጠብቅ መፍቀድ ነው። ይህ ማለት 16,000 ዑደት ሄዶ አንዴ መገናኘት ነው። ለሙቀት ይበቃል፤ ሳጥን በ1 ሚሊሰከንድ አይቀዘቅዝም። ለመብራት መጥፋት ግን አይበቃም። መብራቱ ሲጠፋ በካፓሲተሩ ውስጥ የቀረው ኃይል ለጥቂት ሚሊሰከንድ ብቻ ያቆየናል። የቀኑን ቁጥር በኢኢፕሮም ላይ ለመጻፍ ለአንዱ ባይት ብቻ ከ3 ሚሊሰከንድ በላይ ያስፈልጋል። ወሬው 1 ሚሊሰከንድ ዘግይቶ ቢደርስ ሲሙሌሽኑ «አልተጻፈም» ሊለን ይችላል፤ እውነተኛው ቦርድ ግን ጽፎት ይሆናል። ስለዚህ ርቀቱን ወደ 0.1 ሚሊሰከንድ አጠበብነው፤ ፕሮሰሰሩ የውጭ ፒን በነካ ቁጥርም ወዲያው እንዲገናኝ አደረግን።

ከሁሉም የጠቀመን የእንቅልፉ ነገር ነው። ኮዳችን በየሰከንዱ ነቅቶ 1 ሚሊሰከንድ ያህል ይሠራና ይተኛል። በ21 ቀን ውስጥ 1,814,400 ሰከንድ አለ፤ የሚነቃበት ጊዜ ቢደመር 30 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ሲምኤቪአር እንቅልፉን በግድግዳው ሰዓት ቢተኛ ኖሮ 21 ቀኑ በእውነትም 21 ቀን ይፈጅ ነበር። እንቅልፉን ወደ ሲስተምሲ ጥበቃ ስንለውጠው ጊዜው ወደሚቀጥለው ክስተት ይዘላል። ተኝቶ ሳለ መብራት ቢጠፋ እንዳያመልጠው «ሰዓቱ ወይም መብራቱ፣ ቀድሞ የመጣው ይቀስቅሰኝ» ብሎ ይተኛል፤ ሲነሳም የሚቆጠርለት በእርግጥ ያለፈው ዑደት ብቻ ነው። አሁን ሦስቱ ሳምንታት ከመግሪብ እስከ ዒሻ ባለው ጊዜ ውስጥ ያልቃሉ፤ መብራቱንም በፈለግንበት ቀንና ሰከንድ እናጠፋለን።

ይህ ሁሉ ኮዱ ለሰጠነው ሳጥን ልክ መሆኑን ይናገራል። የሳጥኑ እንጨት በየት በኩል ሙቀት እንደሚያፈስ አይናገርም። ስለዚህ በሪፖርታችን ላይ «በሲሙሌሽን ሠራ» እና «በሳጥኑ ሠራ» የሚሉትን በተለያየ ገጽ እንጽፋቸዋለን። እንቁላሉን የምታምነን እናት ልዩነቱን ማወቅ መብቷ ነው፤ ይህም ከአማናው ይቆጠራል።

በአርዱይኖ ፕሮጀክት የምትሠሩ፣ በተለይ ቦርድ ለመግዛት የተቸገራችሁ፣ ከዐስር በኋላ መስጂድ ታገኙናላችሁ፤ ኮዱን ከነማብራሪያው እንሰጣችኋለን። አላህ የሚጠቅም ዕውቀት ይስጠን፤ በዱዓችሁም አትርሱን።